ካቢኔት ከማዘዝዎ በፊት ከሲንኩ ሥር ይመልከቱ

የማዕድ ቤት እንጨትና አጨራረሱ እንዴት ይመረጣል?

ነገሩ የተገለጠው አማቴ ለፋሲካ ከደብረ ብርሃን የመጡ ዕለት ነው። ዶሮው ተገንጥሎ አልቆ፣ እጃቸውን ሊታጠቡ ወደ ማዕድ ቤት ገቡና ሳሙና ፍለጋ ከሲንኩ ሥር ያለውን በር ሳብ አደረጉት። በሩ ከነማጠፊያው ተነቅሎ እጃቸው ላይ ቀረ። እሳቸው ግን አልደነገጡም። ጎንበስ ብለው የካቢኔቱን ወለል በአውራ ጣታቸው ጫን አደረጉት፤ ጣታቸው ሰመጠ።

«ልጄ፣ ይኼ እንጨት ነው ወይስ ድፎ ዳቦ? ኩፍ ብሏል እኮ!»

ቤተሰቡ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ሆዴ ግን አልሳቀም። ያ ካቢኔት ባለቤቴና እኔ ለአንድ ዓመት ከመንፈቅ በጣልነው ዕቁብ የተሠራ ነው። ገና ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላውም።

እንዴት እንደመረጥነው ሳስታውስ አሁንም አፍራለሁ። በስልክ ላይ ያየነውን ነጭ፣ የሚያብረቀርቅ፣ እጀታ የሌለው ካቢኔት ፎቶ ለሠሪው አሳየነው። ስለ ቀለሙ ተከራከርን፤ ስለ በሮቹ ብዛት ተከራከርን፤ የማይክሮዌቭ ቦታ አስለካን። ውስጡ ከምን እንደሚሠራ ግን አልጠየቅንም። ሠሪው «ኦሪጅናል ነው» አለን፤ እኛም አመንን። የምን ኦሪጅናል እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅንም።

ሁለተኛውን ካቢኔት ለማሠራት ስንነሣ ግን ቸኩለን ቀብድ አልከፈልንም። ሦስት ወር ያህል ከእንጨት ቤት እንጨት ቤት ዞርን፤ አዲስ አበባ ውስጥ ከአርባ ዓመት በላይ በአናጢነት የሠሩ አንድ አዛውንት አገኘንና እየጠየቅን ተማርን። ይህ ጽሑፍ ያኔ የተማርነው ነው። ኮንዶሚኒየም ለደረሳችሁም፣ ቤት ለምታድሱም፣ ለልጃችሁ ጎጆ ለምታደራጁም ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ማዕድ ቤታችን ምን ዓይነት ቦታ ነው?

አዛውንቱ አናጢ ገና ስንገናኝ የጠየቁን ስለ ቀለም አልነበረም። «እንጀራ የሚጋገረው የት ነው?» አሉን። ባለቤቴ ወደ እኔ ዞር አለ። እዚያው ካቢኔቱ አጠገብ፣ በኤሌክትሪክ ምጣድ እንደምንጋግር ነገርኳቸው።

«እንግዲያው የፎቶውን ቤት እርሱት» አሉን።

ልክ ናቸው። በመጽሔትና በስልክ የምናያቸው አብዛኞቹ ማዕድ ቤቶች የተነደፉት ለሌላ አበሳሰል ነው። የእኛ ቁሌት ረጅም ሰዓት እሳት ላይ ይቆያል። አክንባሎው በተነሣ ቁጥር እንፋሎት ጣራው ድረስ ይወጣል፤ የላይኛው ካቢኔት ሥር ይጠራቀምና ጤዛ ሆኖ ይወርዳል። የበርበሬና የዘይት ብናኝ በር ላይ ይለጠፋል። እርድ የነካው ነጭ ነገር በቀላሉ አይለቅም። በዚያ ላይ ውኃ የሚጠፋባቸው ቀናት ስላሉ፣ ባልዲና ጀሪካን ከካቢኔቱ እግር ሥር አይጠፋም።

ስለዚህ ከማንኛውም ምርጫ በፊት ወረቀት አውጥታችሁ እነዚህን ጻፉ፦ እንፋሎት የሚወጣው የት ነው? ውኃ የሚንጠባጠበው የት ነው? ሙቀት የሚመታው የትኛውን በር ነው? ከባድ ዕቃ፣ ማለትም ድስት፣ ብረት ምጣድ፣ የዱቄት ጣሳ፣ የሚቀመጠው የት ነው? መላውን ካቢኔት በአንድ ዓይነት እንጨት መሥራት ግዴታ አይደለም። ገንዘባችሁን ውኃና ሙቀት ካለበት ቦታ ላይ አውሉት፤ ደረቁ ቦታ ላይ ቆጥቡ። እኛ ያደረግነው የተገላቢጦሹን ነበር።

ውስጡ ከምን ይሠራ?

የካቢኔት ሣጥን፣ ማለትም ጎኑ፣ ወለሉና መደርደሪያው፣ በእኛ ገበያ በአብዛኛው ከሦስት ነገሮች በአንዱ ይሠራል።

ቺፑድ ከእንጨት ፍቅፋቂና ስንጥርጣሪ በሙጫ ተጣብቆ፣ በሙቀትና በግፊት ተጠፍጥፎ የሚሠራ ነው። ጠርዙን ስታዩት ቅንጣት ቅንጣት ይላል። ዋጋው ዝቅ ያለ ነው፤ ለደረቅ ቦታ፣ ለምሳሌ ለልብስ ቁም ሣጥን፣ አይከፋም። ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ውኃ በጠርዙ ሲገባ ቅንጣቶቹ ያብጣሉ፤ ሲደርቅም ወደ ቀድሞው ውፍረት አይመለስም። ሁለተኛ፣ ብሎን አንድ ጊዜ ተነቅሎ እዚያው ቀዳዳ ውስጥ ሲመለስ አጥብቆ አይዝም። የእኛ በር በአማቴ እጅ ላይ የቀረው በሁለቱም ምክንያት ነው።

ኤምዲኤፍ ደግሞ እንጨቱ እንደ ጥጥ ክር እስኪሆን ድረስ ተፍታቶ፣ ከሙጫ ጋር ተጨምቆ የሚሠራ ነው። ገጹ ለስላሳ ስለሆነ ቀለም በደንብ ይቀበላል፤ በር ላይ ቅርጽ ለማውጣትም ይመቻል። ክብደቱ ግን የዋዛ አይደለም። 1.22 በ2.44 ሜትር የሆነ ባለ 18 ሚሊ ሜትር አንድ ሉህ ወደ 40 ኪሎ ይጠጋል። ስለዚህ ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል ካቢኔት ማንጠልጠያው ጠንካራ መሆን አለበት። ተራው ኤምዲኤፍ ውኃን እንደ ቺፑድ ይፈራል። እርጥበት የሚቋቋም የተባለው ዓይነት ብዙ ጊዜ ውስጡ አረንጓዴ ቀለም አለው። ነገር ግን አረንጓዴው መለያ ቀለም ብቻ ነው፤ ውኃን የሚቋቋመው የተሠራበት ሙጫ ነው። «እርጥበት ይቋቋማል» ማለትም «ውኃ ውስጥ ይዋኛል» ማለት አይደለም፤ እንፋሎትን ይችላል፣ የሚያፈስ ቧንቧን ግን ለረጅም ጊዜ አይችልም።

ሦስተኛው ኮምፔንሳቶ ነው፤ ፕላይውድም ይሉታል። ስስ የእንጨት ልጣጮች አንዱ በአንዱ ላይ እየተጣበቁ፣ የአንዱ ጭረት የሌላውን እያቋረጠ የሚሠራ ነው። ይህ መቋረጥ ነው ጥንካሬውን የሚሰጠው፤ እንደ ሳንቃ በቀላሉ አይሰነጠቅም፣ ብሎንም አጥብቆ ይይዛል። ዋጋው ከሁለቱ ይወደዳል። ሲገዙት ጠርዙን በደንብ ይዩት፤ በልጣጮቹ መካከል ባዶ ቀዳዳ ካለ ደካማ ነው። ሙጫው ለውጭ አገልግሎት፣ ማለትም ለእርጥበት፣ የተሠራ መሆኑንም ይጠይቁ።

በብርጭቆ ውኃ የሚደረግ ፈተና

አዛውንቱ ያስተማሩንን አንድ ቀላል ፈተና ለሁሉም ሰው መንገር እፈልጋለሁ። ሠሪው ሊጠቀምበት ካሰበው እንጨት የጣት ርዝመት ያለው ቁራጭ ይጠይቁ። ውፍረቱን በማስመሪያ ለክተው ይጻፉ። ብርጭቆ ውስጥ ውኃ ሞልተው ግማሹን ነክረው ያሳድሩት። ጠዋት አውጥተው እንደገና ይለኩ።

እኛ ከአሮጌው ካቢኔት የቆረጥነውን ቺፑድና አንድ የኮምፔንሳቶ ቁራጭ ጎን ለጎን አሳደርን። 18 ሚሊ ሜትር የነበረው ቺፑድ ጠዋት 21 ሆኖ ጠርዙ እንደ ረጠበ ዳቦ ይፈረፈር ነበር። ኮምፔንሳቶው ቀለሙ ጠቆረ እንጂ ለዓይን የሚታይ ለውጥ አላሳየም። ሴት ልጃችን ቁራጮቹን ትምህርት ቤት ወስዳ ለሳይንስ መምህሯ አሳየች። እኛ ደግሞ በዚያች ጠዋት ወሰንን፦ የታችኛው ሣጥን በሙሉ ከኮምፔንሳቶ፣ ደረቁ የላይኛው ሣጥን እርጥበት ከሚቋቋመው ኤምዲኤፍ።

ስለ መደርደሪያም አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሰው ሰፊ መደርደሪያ ይወዳል። ነገር ግን እኩል በተደረደረ ዕቃ ሥር፣ በሁለቱ ድጋፎች መካከል ያለው ርቀት በእጥፍ ሲጨምር የመደርደሪያው መጉበጥ በእጥፍ ብቻ አይጨምርም፤ በ16 እጥፍ ነው። ስለዚህ በ18 ሚሊ ሜትር ቺፑድ ወይም ኤምዲኤፍ ሲሠራ፣ ድስትና ሳህን የሚቀመጥበት መደርደሪያ ከ60 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር ባይበልጥ ጥሩ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ መሐል ላይ ድጋፍ ያስፈልገዋል።

ዋንዛን ያገኘ፣ ከዋንዛ በፊት ይጠይቅ

ስለ እንጨት ሲነሣ ዋንዛ ሳይጠራ አይታለፍም። ዋንዛ ለመላግና ለመቁረጥ ይመቻል፤ ምስጥ ቶሎ አይደፍረውም፤ ሲወለወል የሚያወጣው ቡናማ ቀለም የብዙዎቻችንን አያቶች ቤት ያስታውሳል። ሙቀጫው፣ ቀፎው፣ ጠረጴዛው ከእሱ የተሠራው በአጋጣሚ አይደለም።

ነገር ግን ሁለት ጥያቄዎች አሉ። የመጀመሪያው ከየት መጣ የሚለው ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና የአበሻ ጥድ ከመንግሥትና ከክልል ደኖች እንዳይቆረጡ የከለከለው እየተመናመኑ ስለመጡ ነው። ስለዚህ ርካሽ ዋንዛ አገኘሁ ብሎ ከመደሰት በፊት ምንጩን መጠየቅ የጨዋ ሰው ወግ ነው።

ሁለተኛው ደርቋል ወይ የሚለው ነው። እርጥብ እንጨት የተሠራበት በር በበጋ ይሰነጠቃል ወይም ይጣመማል። እንጨት በርዝመቱ ብዙም አይለወጥም፤ በወርዱ ግን በክረምት ይሰፋል፣ በበጋ ይጠባል። ጥንታውያን አናጢዎች ይህን ስለሚያውቁ በርን በክፈፍ ሠርተው መሐሉ ያለውን ሳንቃ ሳይለጥፉ በቦይ ውስጥ ይለቁታል። ሳንቃው በነፃነት ይሰፋል፣ ይጠባል፤ በሩ ግን ልክ እንደሆነ ይኖራል። ሠሪዎ መሐሉን በኮላ ጥርቅም አድርጎ ሊለጥፈው ካሰበ፣ በጥቅምት ወይም በኅዳር የሚሰማ የ«ጧ» ድምፅ ይጠብቁ።

እዚህ ላይ አማቴ እንደገና ገቡ። ደብረ ብርሃን ቤታቸው ውስጥ በሠርጋቸው ዓመት የተሠራ የዋንዛ ቡፌ ነበራቸው። እግሩ ተሰብሮ፣ በመጋዘን ውስጥ የጤፍ ጆንያ መደገፊያ ሆኖ ቆይቷል። ስለ እንጨት ስናወራ ሰምተው፣

«ታዲያ ያንን ውሰዱታ! እኔ ስሞት የሚጣላበት ሰው እንጂ የሚጠቀምበት ሰው አላየሁም» አሉ።

ባለቤቴ አልወደደውም። የእናቱን ቡፌ መጋዝ ማስነካት ከበደው። እኔም ፈራሁ፤ ቢበላሽስ? አዛውንቱ አናጢ ግን ሳንቃውን በእጃቸው መታ መታ አድርገው፣ «ይኼ አርባ ክረምትና አርባ በጋ አይቷል። ከእንግዲህ የትም አይሄድም» አሉን። የታወቀ እውነት ነው፤ ለዓመታት የደረቀ አሮጌ እንጨት ከአዲስ እርጥብ ሳንቃ የተሻለ የተረጋጋ ነው። ሚስማሩ ተለቅሞ ከወጣና ነቀዝ ከሌለው፣ ከቤት ያለ አሮጌ በር፣ አልጋ ወይም ቡፌ ዛሬ በገንዘብ የማይገኝ ዕቃ ሊሆን ይችላል።

የበሩ ገጽ፦ የትኛው አጨራረስ ለማን?

ሰው የሚያየው በሩን ስለሆነ ብዙ ገንዘብ የሚጠፋውም እዚህ ላይ ነው። በገበያችን ያሉትን አማራጮች እንያቸው።

ሜላሚን የተለበጠ ሉህ ከፋብሪካው ቀለሙን ይዞ የሚመጣ ነው። ይቆረጣል፣ ጠርዙ በኤጅ ባንድ ይታሸጋል፣ አለቀ። ብዙ እድፍን ይቋቋማል፤ ዋጋውም መካከለኛ ነው። ደካማ ጎኑ ጠርዙ ነው። በማሽን በደንብ ያልተለጠፈ ኤጅ ባንድ በእንፋሎት ይላቀቃል፤ ከዚያ ውኃው መንገድ አገኘ ማለት ነው። አዛውንቱ ደጋግመው «ካቢኔት የሚሞተው በጠርዙ ነው» ይሉ ነበር። ጥፍርዎን ጠርዙ ላይ ያሂዱት፤ የሚይዝዎት ነገር ካለ ሥራው አልተጨረሰም።

ፎርማይካ ብለን የምንጠራው ሉህ ጠንካራ ነው። በ1912 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሁለት መሐንዲሶች የፈለሰፉት ለማዕድ ቤት አልነበረም፤ በኤሌክትሪክ ዕቃ ውስጥ ማይካ የሚባለውን ማዕድን እንዲተካ ነበር። ስሙም የመጣው ከዚያው ነው። በሙጫ የተነከረ ወረቀት በብዙ ንብርብር በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት ተጨምቆ ስለሚሠራ፣ ጭረትንና ሙቀትን ከሜላሚኑ በተሻለ ይችላል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ በበሩ አንድ ገጽ ላይ ብቻ ከተለጠፈ በሩ ሊጣመም ይችላል። በጀርባው በኩልም አንድ ዓይነት ልባስ ያስፈልገዋል።

ፒቪሲ የተለበጠ በር ሙቀት የለሰለሰ ፕላስቲክ ኤምዲኤፍ ላይ ተጠቅልሎ የሚሠራ ነው። ቅርጽ ያለውንም በር ያለ መገጣጠሚያ ይሸፍናል፤ ለዓይን ያምራል። ነገር ግን ሙቀት ያለሰለሰው ነገር በሙቀት ይላቀቃል። ከምድጃውና ከምጣዱ አጠገብ፣ በተለይ ከኦቭን ግራና ቀኝ፣ ባታደርጉት ይመረጣል።

በመርጫ የሚነፋ ቀለም የፈለጋችሁትን ቀለም ይሰጣችኋል፤ ቢጫርም መልሶ ማደስ ይቻላል። ነገር ግን ሥራው በሠሪው ትዕግሥት ይወሰናል። የኤምዲኤፍ ጠርዝ ቀለም ይመጣል። ስለዚህ ጠርዙ ቀድሞ መሙያ ተቀብቶ፣ ደርቆ፣ በብርጭቆ ወረቀት ተፈግፍጎ መዘጋጀት አለበት። አቧራ ባለበት ግቢ ውስጥ የተነፋ ቀለም ሲዳስሱት አሸዋ አሸዋ ይላል። የሚያብረቀርቅ ቀለም የጣት አሻራንና እያንዳንዱን የግድፈት መስመር ያሳያል፤ ፈዘዝ ያለው ይሸፍናል። ትንንሽ ልጆች ላሉበት ቤት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ቫርኒሽ ለተፈጥሮ እንጨት ነው። የድሮ አናጢዎች ከአልኮል ጋር አሟሙተው በጨርቅ የሚቀቡት ጎመላካ ለሳሎን ዕቃ ውብ ነው፤ ለማዕድ ቤት ግን አይሆንም። ትኩስ ስኒ ቢቀመጥበት ነጭ ክብ ያወጣል፤ አልኮል ቢነካው ይለቃል። ለማዕድ ቤት በር የሚመረጠው ፖሊዩሬቴን የሚባለው ቫርኒሽ ነው፤ ሲደርቅ ውኃንና ዘይትን የሚቋቋም ጠንካራ ሽፋን ይሆናል።

ቫርኒሽ በትክክል እንዴት ይቀባል?

ለተፈጥሮ እንጨት በር ከወሰናችሁ፣ ራሳችሁም ብትሠሩት ሠሪ ቢሠራላችሁም ሥርዓቱ አንድ ነው። በመጀመሪያ በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ ቀጥሎ በ180፣ በመጨረሻ በ220 ወይም በ240 ሁልጊዜ የእንጨቱን ጭረት ተከትሎ መፈግፈግ ነው። ጭረቱን አቋርጦ የተፈገፈገ እንጨት ቫርኒሽ ሲነካው ጠባሳውን ያወጣል። አቧራው በደረቅ ብሩሽ፣ ከዚያም በመጠኑ በረጠበ ጨርቅ ይጠረግ።

የመጀመሪያው ቅብ ቀጠን ይበል፤ እንጨቱ ይጠጣው። ሲደርቅ እንጨቱ ጸጉሩን ያቆማል፤ ሻከር ይላል። በስሱ በ320 ቁጥር ይለስልስና ሁለተኛው ይቀባ። ሦስተኛውም እንዲሁ። ሁለት ቅብ ወፍራም ከመቀባት ሦስት ቅብ ስስ መቀባት ይሻላል፤ ወፍራም ቅብ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይቀራል። ከሁሉም በላይ የበሩ ጀርባና አራቱም ጠርዞች ከፊቱ እኩል ይቀቡ። ፊቱ ብቻ የተቀባ በር በአንድ በኩል ብቻ እርጥበት ስለሚጠጣ ይጎብጣል።

ሥራው የሚሠራው ቤት ውስጥ ከሆነ የሚያስፈራው እሳት ነው። ቲነርና ቫርኒሽ የሚያወጡት ትነት በቀላሉ ይቀጣጠላል። በዚያን ቀን የቡና ከሰል አይለኮስ፤ ምድጃ አይበራ፤ መስኮት ይከፈት። የተልባ ዘይት ባለበት ቅባት የራሰ ጨርቅም ተጠቅልሎ ከተጣለ ራሱ ግሎ ሊቀጣጠል ይችላል፤ ውጭ ዘርግቶ ማድረቅ ወይም ውኃ ውስጥ መንከር ያስፈልጋል።

ያ የአዲስ ዕቃ ሽታ

የመጀመሪያው ካቢኔት የገባ ሰሞን ልጃችን ማዕድ ቤት በገባች ቁጥር ዓይኗን ታሽ ነበር። «አዲስ ዕቃ ስለሆነ ነው» ብለን አለፍነው። አሁን ሳስበው ይቆጨኛል። በቺፑድ፣ በኤምዲኤፍና በኮምፔንሳቶ ውስጥ ያለው ሙጫ ብዙ ጊዜ ፎርማልዴሃይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ ዓይንንና ጉሮሮን ያቃጥላል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋምም በ2004 እ.ኤ.አ. በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ተርታ መድቦታል።

ይህን ስነግራችሁ ላስደነግጣችሁ አይደለም። መፍትሔ አለው። ሲገዙ ኢ-1 የሚል ደረጃ እንዳለው ይጠይቁ፤ ይህ የአውሮፓ መለኪያ የሚወጣው ጋዝ መጠን ውስን መሆኑን ያመለክታል። የተቆረጠ ጠርዝ ሁሉ፣ የማይታየውም ጭምር፣ ይታሸግ፤ ጋዙ በብዛት የሚወጣው ካልተሸፈነ ጠርዝ ነው። ከተገጠመ በኋላም በሮቹንና መሳቢያዎቹን ከፍታችሁ መስኮት እየከፈታችሁ አናፍሱት፤ እህልና ሳህን ለመደርደር አትቸኩሉ። ሽታው በጊዜ ብዛት ይቀንሳል።

የማይታየው ነገር

አንድ ካቢኔት ስንት ዓመት እንደሚቆይ ብዙ ጊዜ የሚወስኑት የማይታዩት ናቸው። እግሩ የፕላስቲክ ይሁንና ሣጥኑን ከወለሉ ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ያንሣው፤ ወለል ሲታጠብ ውኃው እንጨቱን እንዳይነካ። ፊቱ በተንቀሳቃሽ ሳንቃ ይሸፈናል። ማጠፊያውን በእጃችሁ ይዛችሁ እዩት፤ ቁመቱ ከ90 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ በር ሁለት ሳይሆን ሦስት ማጠፊያ ይፈልጋል። የመሳቢያ ሐዲድ ስትመርጡ ባዶውን ሳይሆን ጭናችሁበት ሞክሩት።

ግራናይቱ ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበት መስመርና የሲንኩ ዙሪያ በሲሊኮን ይታሸግ፤ ሲሊኮኑ ሲላቀቅም ይታደስ። ካቢኔቱ ከመገጠሙ በፊት ቧንቧ ሠራተኛ ሲፎኑንና መገጣጠሚያዎቹን ይይልን። የእኛ አሮጌ ካቢኔት ገዳይ ትልቅ ጎርፍ አልነበረም፤ ከሲፎኑ በቀን ጥቂት ጠብታ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም ጎንበስ ብሎ አላየውም።

ቁመቱንም አትርሱ። የተለመደው 90 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ግን ማዕድ ቤቱ ውስጥ የሚውለው ሰው ይለካ። ክንድ ሲታጠፍ ከክርን ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ያለ ጠረጴዛ ሽንኩርት ሲከተፍ ወገብን አያሳምምም።

ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት የሚጠየቁ

1. ሣጥኑ፣ በሩና ጀርባው እያንዳንዳቸው ከምን ይሠራሉ? ውፍረታቸው ስንት ሚሊ ሜትር ነው?
2. በካሬ የተነገረኝ ዋጋ ማጠፊያን፣ ሐዲድን፣ እጀታን፣ ግራናይትንና መግጠምን ይጨምራል?
3. ኤጅ ባንዱ በማሽን ነው ወይስ በእጅ የሚለጠፈው? የማይታዩ ጠርዞችስ ይታሸጋሉ?
4. ለሲንክና ለቧንቧ የሚቆረጠው ቀዳዳ በምን ይታሸጋል?
5. ከሚጠቀሙበት እንጨት ቁራጭ ሊሰጡኝ ይችላሉ?
6. ከሁለት ዓመት በፊት የሠሩትን ካቢኔት ማየት እችላለሁ?
7. በሩ ቢጣመም ወይም ኤጅ ባንዱ ቢላቀቅ እስከ መቼ ይጠግናሉ?

መልሶቹ በውሉ ላይ ይጻፉ። የመጨረሻው ክፍያም ሁሉም በር ተከፍቶ፣ ሁሉም መሳቢያ ተስቦ፣ ሲንኩ ውኃ ተሞልቶ ከተለቀቀ በኋላ ይሁን። ስድስተኛውን ጥያቄ በተለይ አትለፉት። አዲስ ካቢኔት ሁሉ ያምራል፤ ሁለት ክረምት ያለፈበት ነው እውነቱን የሚናገረው።

የቡፌው ሳንቃ

በመጨረሻ ባለቤቴ ተስማማ። የቡፌው ሳንቃዎች ለላይኛው ካቢኔት ስድስት በሮች በቁ። አዛውንቱ ሳንቃዎቹን ሲፈገፍጉ አንዱ ላይ የጥቁር ክብ ምልክት አገኙና ጠሩን። በስንት ዓመት ቡና ትኩስ ጀበና የተቀመጠበት ቦታ ነበር። «ትንሽ ጠንከር አድርጌ ብፈገፍገው ይጠፋል» አሉ። ባለቤቴ «ጋሼ፣ ይተዉት» አላቸው።

ዘንድሮ ለፋሲካ አማቴ ሲመጡ ገና ቦርሳቸውን ሳያስቀምጡ ወደ ማዕድ ቤት ገቡ። ጎንበስ ብለው ከሲንኩ ሥር ያለውን በር ከፈቱ፤ ወለሉን በአውራ ጣታቸው ጫን አደረጉት። አልሰመጠም። ቀና ሲሉ ዓይናቸው የላይኛው በር ላይ ካለው ጥቁር ክብ ላይ አረፈ። እጃቸውን ጫኑበትና ቆዩ።

«አባትህ ናቸው ያቃጠሉት» አሉት ባለቤቴን። «ረከቦቱ ሳይቀርብ ጀበናውን አስቀመጡት። እኔም ሳምንት ሙሉ አኩርፌያቸው ነበር።»

ባለቤቴ ይህን ታሪክ ሰምቶት አያውቅም ነበር። ያን ቀን ቡናው እዚያው ማዕድ ቤት ውስጥ ተፈላ።